ከጀርባ ውስጥ የሚቀበር ኤሌክትሪክ፤ ላስደርገው ወይስ ልተወው?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የጥንት የትምህርት ቤት ጓደኛችን ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ፣ ደብዳቤ ጻፈልን። ጓደኛችን አገሩን ከለቀቀ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚህም ውስጥ አሥራ ሰባቱን ዓመት በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ሲነዳ አሳልፎታል። ከስድስት ዓመት በፊት ወገቡን አመመው። ቀጥሎም ሕመሙ በግራ እግሩ በኩል እስከ ጣቱ ድረስ ወረደ። በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ተባለና ኦፕራሲዮን ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ተሻለው፤ ሕመሙ ግን ተመለሰ። ሁለተኛም ኦፕራሲዮን ሆነ። አሁን አጥንቱ ድኗል ይሉታል፤ እግሩ ግን ሌሊት ሌሊት ምጣድ ላይ እንደ ተጣደ ሁሉ ያቃጥለዋል። የሚወስደው መድኃኒት ያፈዘዋል እንጂ አያሳርፈውም።

«አሁን ደግሞ» ይላል በደብዳቤው፤ «ሐኪሙ ከጀርባህ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልቅበርልህ አሉኝ። ባለቤቴ እንደ መኪና ባትሪ ሊያስገቡብህ ነው ወይ ብላ ታለቅሳለች። ወንድሜ የአሜሪካ ሐኪም ያለህን እሺ በል ይለኛል። እናንተ ስታነቡ የምትውሉ ናችሁና ላስደርገው ወይስ ልተወው?»

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ይህንኑም ነግረነዋል። ነገር ግን ጥያቄው ከእጃችን አልወጣ አለ። በየቤቱ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣ «እስቲ አንተ የተማርኸው አንብብልን» የሚባለው ተማሪው ወይም መሥሪያ ቤት የገባው ወጣት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ነገ ከአንባቢዎቻችን ለአንዱ እንደሚደርሰው እናውቃለን። ስለዚህ ያነበብነውንና የጠየቅነውን ሁሉ ለጓደኛችን እንደ ጻፍንለት አድርገን እዚህ እናቀርበዋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕመሙ ምን ዓይነት ሕመም ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እጃችን ሲቈረጥ ወይም ጥርሳችን ሲታመም የሚሰማን ሥቃይ እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ሌባው ሲባረር ዝም ይላል። ከሦስት ወር ወይም ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ሌባው ከሄደ በኋላም እንደሚጮኽ ዘበኛ ነው። በተለይም ነርቩ ራሱ ተጐድቶ እንደ ሆነ፣ ቁስሉ ቢድንም ነርቩ «እሳት፣ እሳት» እያለ ወደ አንጐል መላኩን አይተውም። የጓደኛችን እግር ቆዳው ደኅና፣ ሥጋው ደኅና፣ አጥንቱ ደኅና ነው፤ የታመመው መልእክተኛው ነው። ከዚህ የሚለየው የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ሰው ሲያጐነብስ ወገቡን የሚይዘው ውጋት ነው። ኤሌክትሪኩ ይሻለዋል የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለት የነርቭ ሕመም ነው። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ «የጀርባ ሕመም መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ይሄዳል፤ ኋላም ያዝናል።

ኤሌክትሪክ ሕመምን ያስታግሣል ማለት አዲስ አሳብ አይደለም። ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ የተባለው የሮማ ሐኪም በመጀመሪያው መቶ ዓመት ላይ ራሱን ለታመመ ሰው ኤሌክትሪክ ያለውን ዓሣ በራሱ ላይ ያስቀምጥለት እንደ ነበር ጽፏል። የዛሬው መሣሪያ መነሻ ግን በ1965 ዓ.ም. ሮናልድ ሜልዛክ የተባሉ ካናዳዊና ፓትሪክ ዎል የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በአንድነት ያወጡት አሳብ ነው። እነሱ እንዳሉት በኅብለ ሰረሰራችን ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ፤ የመዳሰስ ስሜት በብዛት ሲያልፍ በሩ በሥቃይ ላይ ይዘጋል። ጕልበታችንን ከጠረጴዛ ጋራ ስናጋጭ ሳናስበው እጃችን ሄዶ ማሸት የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዶክተር ኖርማን ሺሊ በካንሰር ይሠቃይ በነበረ በሽተኛ ኅብለ ሰረሰር ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አኖሩ። መሣሪያውን የሠራላቸው ቶማስ ሞርቲመር የሚባል የምሕንድስና ተማሪ መሆኑን ለተማሪ አንባቢዎቻችን ሳንነግር አናልፍም።

የሜልዛክና የዎል አሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል። ከድሮዎቹ መሣሪያዎች የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሽተኛው እግር ላይ እንደ መንዘር ሆኖ ይሰማል፤ ሥቃዩን የሚሸፍነውም ይኸው መንዘር ነው ይባል ነበር። በኋላ ግን በሴኮንድ አሥር ሺህ ጊዜ የሚመታ፣ ለበሽተኛውም ምንም የማይሰማው መሣሪያ ወጣ። ይኸኛው እንዴት እንደሚሠራ በሩ ብቻውን ሊያስረዳን አይችልም፤ ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ባለቤቱ እንደ ፈራችው ነገሩ የመኪና ባትሪ አይደለም። ሐኪሙ በወፍራም መርፌ አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያስገባል። ሽቦው የሚቀመጠው ከኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ባለው ጠባብ ክፍተት ነው እንጂ ኅብለ ሰረሰሩን ራሱን አይነካውም። ሥራው በሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ጊዜ የሽቦው ጫፍ ከቆዳ ውጭ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩም በወገብ ላይ ከሚታሰር ትንሽ ሣጥን ይመጣል። በሽተኛው ወደ ቤቱ ሄዶ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን፣ በአውሮፓ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ፣ ይሞክረዋል። ከዚያ ሽቦው ይወጣል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰለትና እሱም ከፈቀደ፣ በሁለተኛው ጊዜ ሽቦውም ባትሪውም ከቆዳ ሥር ይቀበራሉ። ባትሪው አንዳንዱ እንደ ስልክ እየተሞላ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ባለቀ ጊዜ በትንሽ ኦፕራሲዮን ይለወጣል።

እዚህ ላይ «በግማሽ ከቀነሰ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ጓደኛችን በመጀመሪያው ደብዳቤው «ከተገላገልሁ» ብሎ ነበር። መሣሪያው አይገላግልም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ተሳካ የሚሉት ከስምንት ወደ አራት የወረደውን ሕመም ነው። አራት ደግሞ ሕመም ነው። በአራት ሕመም መኖር የሚችልና የሚፈልግ ሰው አለ፤ ዜሮን ካላገኘሁ የሚልም ሰው አለ። ሁለተኛው ሰው መሣሪያው ቢሠራለትም እንኳ አልሠራልኝም ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። የሚመሰክሩለት ጥናቶች አሉ። ጓደኛችን በሚኖርበት በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ የተደረገና በ2005 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንደ እሱ ጀርባቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ያልዳኑትን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ሌላ ኦፕራሲዮን፣ ለሌላው መሣሪያውን ሰጠ። መሣሪያው ከተሰጣቸው 19 ሰዎች ለ9ኙ ተሳካ፤ እንደ ገና ኦፕራሲዮን ከሆኑት 26 ሰዎች ግን ለ3ቱ ብቻ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ጥናት ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 100 በሽተኞችን ተከታትሏል። በስድስተኛው ወር የእግራቸው ሕመም በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው፣ መሣሪያ ካስገቡት ከመቶ 48 እጅ፣ በመድኃኒትና በልዩ ልዩ ሕክምና ብቻ ከቈዩት ግን ከመቶ 9 እጅ ሆነው ተገኙ። የስኳር በሽታ እግራቸውን በሚያቃጥላቸው 216 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2021 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም ከዚህ የበለጠ መልካም ውጤት አሳይቷል። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና አማካሪ ድርጅት ናይስ በ2008 ዓ.ም. መሣሪያው ለነርቭ ሕመም እንዲሰጥ የፈቀደው፣ ሕመሙ ከመቶ ሃምሳ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሌላው ሕክምና ተሞክሮ ቢያንስ ስድስት ወር ለዘለቀበት፣ የሙከራውንም ጊዜ በደኅና ላለፈ ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ምን ያጠራጥራል?» ሊል ይችላል። እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን በነዚህ ጥናቶች ሁሉ በሽተኛው መሣሪያ እንደ ገባለትና እንዳልገባለት ያውቃል። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት ሥቃይ በኋላ አዲስ መሣሪያ በገላው ሲቀበርለት፣ ሐኪሞች ሲሰበሰቡለት፣ ተስፋው ብቻውን ሕመሙን ሊያቀልለት ይችላል፤ ይህም ማታለል ሳይሆን የአእምሮአችን እውነተኛ ሥራ ነው። ይህንን ለመለየት የኖርዌይ ሐኪሞች በ50 ሰዎች ላይ መሣሪያውን ካስገቡ በኋላ፣ ለሦስት ሦስት ወር አንድ ጊዜ እያበሩት፣ አንድ ጊዜ እያጠፉት፣ በጠቅላላው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ኤሌክትሪኩ የማይሰማ ዓይነት ስለ ሆነ መቼ እንደ በራና መቼ እንደ ጠፋ በሽተኛውም መርማሪውም አያውቁም ነበር። በ2022 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ መሣሪያው በበራበትና በጠፋበት ጊዜ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በዓመቱም ኮክሬን የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር 699 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 13 ጥናቶች መርምሮ፣ ለወገብ ሕመም ሲባል ይህን መሣሪያ ከምርምር ውጭ ለማስገባት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

የመሣሪያው ወዳጆች ዝም አላሉም። ኖርዌዮች የሞከሩት አንዱን የኤሌክትሪክ ዓይነት ብቻ ነው፤ ኮክሬንም የእግርን የነርቭ ሕመምና የወገብን ሕመም ደባልቋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መልካም ውጤት ካሳዩት ጥናቶች ብዙዎቹ የተከፈለባቸው መሣሪያውን በሚሸጡ ኩባንያዎች ገንዘብ ነው ብለው ይመልሳሉ። እኛ እንደ መሰለን ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት ነው፤ ከዚህም የምናወጣው ፍርድ ይህ ነው፤ መሣሪያው ለእግር የነርቭ ሕመም ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው፤ ለወገብ ሕመም ብቻ ከሆነ ግን እኛ በጓደኛችን ቦታ ብንሆን እንተወው ነበር።

ጉዳቱንም ሳይነግሩ መምከር አይገባም። ቀደም ሲል በጠቀስነው በ2007 ዓ.ም. ጥናት መሣሪያ ካስገቡት ሰዎች ከመቶ 32ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመሣሪያው የመጣ አንዳች ችግር ገጥሟቸዋል። ሽቦው ከተቀመጠበት ይንሸራተታል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ባትሪው የተቀበረበት ቦታ ራሱ ይታመማል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚስተካከለው በሌላ ኦፕራሲዮን ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ዓ.ም. ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ በአራት ዓመት ውስጥ ስለነዚህ መሣሪያዎች ከ100 ሺህ በላይ ሪፖርት እንደ ደረሰው አስታውቋል። ሪፖርት ማለት መሣሪያው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ በብዛት የተነገረው አቤቱታ «ሕመሜን አላቀለለልኝም» የሚለው መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። መሥሪያ ቤቱም የሙከራው ጊዜ ሳይታለፍ መሣሪያው እንዳይቀበር ሐኪሞቹን አሳስቧል። ከዚህም ሌላ መሣሪያውን የያዘ ሰው ኤም አር አይ ከመነሣቱ በፊት የሱ መሣሪያ ይፈቅድለት እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት፤ በአውሮፕላን ጣቢያ በር ሲያልፍም ወረቀቱን ይዞ ማሳየት ነው።

ጓደኛችን ከሁሉ ይልቅ የተቈጣው ግን በሌላ ነገር ነበር። ከሙከራው በፊት ከአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀርበህ ተመርመር ተባለ። «እግሬን አሞኝ ብመጣ እብድ ነህ ሊሉኝ ነው» ብሎ በስልክ ነገረን፤ ቀጠሮውንም ሊተው ነበር። እኛም ደንቡን አንብበን አስረዳነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ኢንሹራንስ ለዚህ መሣሪያ ገንዘብ የሚከፍለው ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ በአካልም በአእምሮም ምርመራ ከተደረገ፣ ሙከራውም ከተሳካ ብቻ ነው። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ወይም መድኃኒት ልማድ የሆነበት ሰው ያ ነገር ሳይታከምለት ሽቦ ቢቀበርለት ውጤቱ ብዙ ጊዜ አያምርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ለእግሩ የሚናገረውን ያህል ስለ ሌሊቱም መናገር አለበት። ሄደ። ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ስለ ሕመሙ ቍጥር ያልጠየቀው የመጀመሪያው ሐኪም ይህ ነው ብሎ ጻፈልን።

ከሙከራው ሳምንት በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመንነው። «ደኅና ነኝ፣ ደኅና አይደለሁም» የሚለውን ትተህ፣ ልትሠራው የምትፈልገውን ሦስት ነገር በወረቀት ጻፍ፤ ለባለቤትህም ስጣት፤ በሳምንቱ መጨረሻ እሷ ትፍረድ አልነው። ይህን ያልንበት ምክንያት አለን። በሙከራው ጊዜ ሰው ደስ ብሎት ስለሚሰነብት ፍርዱን ማመን ያስቸግራል። በእንግሊዝ አገር በ105 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2020 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አስቀድመው የሞከሩትና ሳይሞክሩ መሣሪያውን ያስገቡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ በውጤት እንዳልተለያዩ አሳይቷል። ስለዚህ ሙከራው ይጠቅማል የምንለው በጥያቄ የገባበት ሰው እንደ ሆነ ነው። ሌላም አስጠንቅቀነዋል፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ከአምራቹ ኩባንያ የመጣ ሠራተኛ ነው። ትሑትና አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሻጭ ነው። «ልተወው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ እንጂ ለሱ አይቀርብም።

ጓደኛችን የጻፋቸው ሦስቱ ነገሮች እነዚህ ነበሩ። አራት ሰዓት ሳይነሡ መተኛት፤ እሑድ ቅዳሴውን ቆሞ ማስቀደስ፤ ከቤቱ እስከ ዋሽንግተን መንገድ ላይ ሳይቆም መንዳት።

ሽቦው ማክሰኞ ገባ። ለሰባት ቀን እንዳያጐነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ገላውን እንዳይታጠብ ታዘዘ። መኪና መንዳትም ስለ ተከለከለ ሦስተኛው ፈተና ገና ከጅምሩ ቀረ። በማክሰኞና በረቡዕ ሌሊት ቁስሉ አሞት አልተኛም። ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኛ፤ ባለቤቱ እስትንፋሱን ለማድመጥ ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። የእግሩ ሕመም ከስምንት ወደ ሦስት፣ አንዳንድ ቀን ወደ አራት ወረደ። የወገቡ ግን ሰባት ነበር፤ ስድስት ሆነ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወንጌል እስኪነበብ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ወገቡ አልቻለምና ተቀመጠ። ሽቦው በወጣ ማግሥት ሌሊቱን እሳቱ ተመለሰ።

ባለቤቱ ወረቀቱን ይዛ እንዲህ ስትል ፈረደች፤ አንዱ ሆነ፣ አንዱ በግማሽ ሆነ፣ አንዱ አልታወቀም። ከኩባንያው ሁለት ጊዜ ስልክ ተደወለ፤ ጓደኛችን ስልኩን አላነሣም። ሐኪሙን ግን ሦስት ሳምንት አስቤ ልመለስ ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱለት። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ የወገቡ ሕመም ይቀራል ወይ ብሎ ጠየቀ። «አይመስለኝም፤ ይህን የማደርግልህ ለእግርህ ነው» አሉት። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት መልስ ሁሉ ይህኛው አሳረፈኝ ይላል።

ኦፕራሲዮኑ ለሚመጣው ወር ተቀጥሯል። ሐኪሙ ባትሪው ከየትኛው ጐን እንዲቀበር ቀበቶውን አስታጥቀው፣ አስቀምጠው፣ ሲለኩ ባለቤቱ አብራ ገብታ ነበር። ግራው አይሆንም፣ በግራ ጐኑ ነው የሚተኛው ብላ ቀኙን አስመርጣለች።